ሣጥኑን የጠበቀች እኅት
(ሴቶች ልጆችን ከግርዛት ስለ መጠበቅ ለጉባኤዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት)

የሚነበቡ ክፍሎች፦ ዘጸአት 2፥1-10፤ ዘፍጥረት 17፥9-14፤ የሐዋርያት ሥራ 15፥1-29



በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ትምህርት በጉባኤ መካከል ለመናገር የሚያሳፍር ሆኖ ስለ ቆየ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ሴት ልጅ ግርዛት ነው። በስብከት ላይ ሲነሣ ብዙ ጊዜ አንሰማም። እኛም ራሳችን ለብዙ ጊዜ አላነሣነውም። ነገር ግን ዝም ባልንበት ጉዳይ ከመካከላችን አንዲት ልጅ ተጎድታብናለችና፣ ከእንግዲህ ዝም ማለት አይገባንም። ይህን ትምህርት በሴቶች ኅብረት፣ በወጣቶች ጉባኤ ወይም በሠራተኞች ስብሰባ በሁለት ጊዜ ከፍላችሁ ብታጠኑት መልካም ነው።

1. በመዝገባችን ላይ የጻፍነው ቃል

በአቃቂ ቃሊቲ የምናገለግላቸው ቤተ ሰቦች አብዛኞቹ ከሌላ ስፍራ የመጡ ናቸው። የጅቡቲው ባቡር በአቃቂ ማለፍ ከጀመረበትና ፋብሪካዎች ከተተከሉበት ጊዜ ጀምሮ ሰው ሥራ ፍለጋ ወደዚህ ሲመጣ ኖሯል፤ ዛሬም በቱሉ ዲምቱና በገላን በኩል አዳዲስ ሰፈሮች በየዓመቱ ይሞላሉ። በአንድ ግቢ ውስጥ ከጎጃም፣ ከአርሲ፣ ከጉራጌ፣ ከከምባታና ከሐዲያ የመጡ ተከራዮች አንድ የውኃ ቧንቧ ይጠቀማሉ። ሁሉም የአገር ቤት ልማዱን በልቡ ይዞ መጥቷል። አያት፣ አክስትና አጎት ገና በአገር ቤት ናቸው፤ ቃላቸውም በስልክ ይደርሳል።

ከእነዚህ ቤተ ሰቦች የአንዱ ልጅ የሆነች የ12 ዓመት ልጅ በፕሮጀክታችን ውስጥ ትማር ነበር። በሰኔ መጨረሻ ትምህርት ሲዘጋ እናቷ መጥታ፣ «ክረምቱን አያቷ ዘንድ ትሄዳለች» አለችን። ልጅቱም አክስቷ አዲስ ቀሚስ እንደ ገዛችላትና በአገር ቤት ለእርሷ ድግስ እንደሚደገስ ለጓደኞቿ በደስታ ነገረቻቸው። ከእኛ አንዱ ይህን ሰምቶ፣ «እሰይ! ለእኛም ቆሎ አምጪልን» አላት። በመዝገቡም ላይ በስሟ አንጻር «ፈቃድ» ብለን ጻፍን። በማግሥቱ ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍራ ሄደች።

በመስከረም ስትመለስ ያቺ ልጅ አልነበረችም። ከጓደኞቿ ጋር ሱዚ መዝለል ትታለች፤ መጸዳጃ ቤት ገብታ ትቆያለች፤ ስትቀመጥ ፊቷ ይለዋወጣል። አንዲት እኅታችን ወደ ጤና ጣቢያ ይዛት በሄደች ጊዜ ነው የሆነውን ሁሉ ያወቅነው። ተገርዛ ነበር። ብዙ ደም ፈስሷት ሁለት ሳምንት ተኝታ ቆይታለች፤ ቁስሉም አመርቅዞ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን፣ በሕይወት ተርፋለች።

እናቷን ባነጋገርናት ጊዜ ብዙ አለቀሰች። «እኔ አልፈለግሁም ነበር። ነገር ግን እናቴን እምቢ ማለት አቃተኝ። እናንተም እኮ ልጄ እንደምትሄድ ስነግራችሁ ምንም አላላችሁኝም» አለችን።

ለዚህ ቃል መልስ አልነበረንም። ቀሚሱን ሰምተናል፤ ድግሱን ሰምተናል፤ የምትሄድበትን ቀን አውቀናል፤ የጻፍነው ግን «ፈቃድ» ብለን ነው። ይህ ትምህርት የተዘጋጀው በሌላ ልጅ ስም አንጻር ይህን ቃል ከመጻፋችን በፊት እንድንጠይቅ ነው።

2. ነገሩ ምንድር ነው? ምን ጉዳትስ ያመጣል?

የሴት ልጅ ግርዛት ለሕክምና አስፈላጊ ሳይሆን የሴትን ውጫዊ የመራቢያ አካል በከፊል ወይም በሙሉ መቁረጥ፣ ወይም በሌላ መንገድ መጉዳት ነው። በአንዳንድ ስፍራ ቂንጥር ብቻ ይቆረጣል፤ በሌላው ከንፈሮቹም ይቆረጣሉ፤ በሶማሌና በአፋር አካባቢዎች ደግሞ ተቆርጦ የሚሰፋበት ልማድ አለ። ሁሉም ጉዳት ነው።

ወዲያው የሚከተለው ብርቱ ሕመም፣ የደም መፍሰስ፣ የሽንት መታገድና የቁስል ማመርቀዝ ነው። ባልጸዳ ምላጭ ምክንያት መንጋጋ ቆልፍ ሊይዝ ይችላል፤ ሞትም ይደርሳል። ዘግይቶ የሚመጣው ጉዳት ደግሞ በትዳርና በወሊድ ጊዜ ይገለጣል። የዓለም ጤና ድርጅት በስድስት የአፍሪካ አገሮች ከ28 ሺህ በላይ ወላዶችን አስጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ውጤት፣ የተገረዙ ሴቶች በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም ለመፍሰስና በቀዶ ሕክምና ለመውለድ ካልተገረዙት ይልቅ የተጋለጡ መሆናቸው ታውቋል። ከእናቲቱ ጋር ሕፃኑም ለአደጋ ይጋለጣል።

ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት፣ ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች መካከል የተገረዙት እ.ኤ.አ. በ2000 ከመቶ 80 ነበሩ፤ በ2016 ከመቶ 65 ሆነዋል። ከ15 እስከ 19 ዓመት ባሉት ልጃገረዶች ዘንድ ደግሞ ከመቶ 47 ነበሩ። ስለዚህ ልማዱ እየቀነሰ ነው፤ ሊቀርም ይችላል ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ጥናት በአዲስ አበባ ከሚኖሩት ሴቶች ከመቶ 54 ያህሉ የተገረዙ ነበሩ። እንግዲህ በእሑድ ጉባኤያችን ከተቀመጡት እኅቶች ብዙዎቹ ይህን በሥጋቸው የሚያውቁ ናቸው። ስለዚህ ስናስተምር ማንንም እንዳናሳፍር እንጠንቀቅ። የተገረዘች ሴት የተደረገባት እንጂ ያደረገች አይደለችም።

3. እግዚአብሔር ይህን አዝዟልን?

በቤት ለቤት ጉብኝት ጊዜ፣ «መጽሐፍ ቅዱስ ግርዛትን አዝዞ የለም ወይ?» የሚሉን አሉ። በቀጥታ እንመልስላቸው። በዘፍጥረት 17 እግዚአብሔር ለአብርሃም የሰጠው የቃል ኪዳን ምልክት ለወንዶች ብቻ ነበር። ሣራ አልተገረዘችም፤ ርብቃም፣ ራሔልም እንዲገረዙ አልታዘዘም። ከዘፍጥረት እስከ ራእይ ሴት ልጅ እንድትገረዝ የሚያዝዝ አንድ ቃል የለም።

ደግሞም በሐዋርያት ሥራ 15 ሐዋርያትና ሽማግሌዎች በኢየሩሳሌም ተሰብስበው፣ ከአሕዛብ በሚያምኑት ላይ ግርዛት እንደ ግዴታ እንዳይጫን ወስነዋል። ለወንዶች የታዘዘው እንኳ ሸክም እንዳይሆን ከተወሰነ፣ ከቶ ያልታዘዘውን በሕፃን ላይ ልንጭን እንዴት እንችላለን? እግዚአብሔር ሴትን ሲፈጥር አላጎደለም፤ ምላጭ የሚያስተካክለው ስሕተትም በሥራው አልተገኘም። የልጅ ጨዋነት የሚመጣው ከትምህርት፣ ከወላጆች መልካም ምሳሌነትና እግዚአብሔርን ከመፍራት ነው።

4. ከሕፃኑ እኅት የምንማረው

በዘጸአት 2 የሙሴ እናት ልጇን በሣጥን አድርጋ በወንዙ ዳር ባኖረችው ጊዜ፣ እኅቱ ራቅ ብላ ቆማ ምን እንደሚደርስበት ትመለከት ነበር። ሥልጣን አልነበራትም፤ ዕድሜዋም ትንሽ ነበር። ነገር ግን ሦስት ነገር አደረገች።

አንደኛ፣ ሣጥኑ የት እንዳለ ታውቅ ነበር። ሁለተኛ፣ አደጋው በሚደርስበት ሰዓት በስፍራው ተገኘች። ሦስተኛ፣ ጊዜው ሲደርስ አፏን ከፍታ ተናገረች፤ የተናገረችውም ሕፃኑን የምታጠባ ሴት ልጥራ የሚል፣ ሊሠራበት የሚችል ምክር ነበር። ከእኛም የሚፈለገው ይኸው ነው፦ ማወቅ፣ በጊዜው መገኘትና የሚረዳ ቃል መናገር። የምናለቅሰው ሕፃኑ ከተወሰደ በኋላ ከሆነ ግን ጠብቀናል ልንል አንችልም።

5. አደጋው የሚመጣበት ጊዜና ምልክቱ

ግርዛት በሁሉም ዘንድ በአንድ ዕድሜ አይፈጸምም። ስለዚህ የቤተ ሰቡን አመጣጥ ማወቅ ይገባል። ይህን የምንጠይቀው በማንም ሕዝብ ለመፍረድ ሳይሆን፣ በየትኛው ቀን መገኘት እንዳለብን ለማወቅ ነው።

ሀ. አዲስ የተወለዱ ሕፃናት። በሰሜንና በመካከለኛው የአገራችን ክፍል በብዙ ስፍራ ሴት ልጅ የምትገረዘው በተወለደች በስምንተኛው ቀን ገደማ ነው። በአገሪቱ ከተገረዙት ሴቶች ግማሽ ያህሉ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የተገረዙ ናቸው። እንግዲህ ነፍሰ ጡሯ ለመውለድ ወደ እናቷ አገር ለመሄድ ስትሰናዳ፣ ወይም አያት ዐራሷን ለመጠየቅ ከገጠር ስትመጣ፣ ታላላቅ እኅቶቿም የተገረዙ ሲሆኑ፣ ይህ የመጀመሪያ ምልክት ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የምንጠይቀው በአርባኛው ቀን ሳይሆን ከወሊድ በፊትና በሦስተኛው ቀን መሆን አለበት።

ለ. ከፍ ያሉ ልጃገረዶች። በደቡብና በኦሮሚያ በብዙ ስፍራ የሚፈጸመው ልጅቱ ካደገች በኋላ፣ አንዳንድ ጊዜም ጋብቻ ሲቃረብ ነው። የሚከተሉትን ልብ በሉ፦
- በክረምት ወይም በረጅም ዕረፍት ልጅቱን ብቻዋን ወደ አገር ቤት ለመላክ ሲታሰብ፤
- አዲስ ልብስ ሲገዛ፣ ምክንያቱ በግልጽ የማይነገር ድግስ ሲደገስ፤
- ልጅቱ «አንቺ አድገሻል» ወይም «ሴት ልትሆኚ ነው» እንደ ተባለች ስትናገር፤
- የአጎቷ ወይም የአክስቷ ልጆች በዚያው ዓመት ተገርዘው ሲሆን፤
- ልጅቱ መሄድ ስትፈራ ወይም በድንገት ዝምተኛ ስትሆን።

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይደለም። ብዙ ልጆች አያታቸውን ጠይቀው በሰላም ይመለሳሉ። ሁለት ሦስቱ ሲገናኙ ግን በዚያው ሳምንት ወደ ቤቱ መሄድ ያስፈልጋል።

ሐ. ከተፈጸመ በኋላ። ልጅቱ ስትራመድና ስትቀመጥ ከተቸገረች፣ መጸዳጃ ቤት ከቆየች፣ ጨዋታ ከተወች፣ ከትምህርት ብዙ ቀን ከቀረች፣ የሚያነጋግራት አንዲት የምታምናት እኅት ትሁን። በጓደኞቿ ፊት አትጠየቅ። ሠራተኛ ሰውነቷን ለማየት ፈጽሞ አይሞክር፤ ያ የሐኪም ሥራ ነው። ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ካስፈለገም ወደ ጥሩነሽ ቤጂንግ ሆስፒታል ትወሰድ። ታናናሽ እኅቶች ካሏት ቀጥሎ የሚጠበቁት እነርሱ ናቸው።

6. በቤት ውስጥ እንዴት እንነጋገር?

ከላይ ከተነገረው በኋላ የሆነ አንድ ነገር እንጨምር። ከእኅቶቻችን አንዷ ሴት ልጅ በወለደች በሦስተኛው ቀን ዐራሷን ለመጠየቅ ሄድን። አያት ከገጠር መጥተው ነበር። ወጣቱ ሠራተኛችን ስለ ሕጉ መናገር ሲጀምር አያት ፊታቸውን አዞሩ። ያን ጊዜ አብረውን የሄዱት አረጋዊት እናታችን አጠገባቸው ተቀመጡና ስለ አገር ቤት፣ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ጠየቋቸው። ቆይተው ነው ነገሩን ያነሡት።

አያትም፣ «ሳትገረዝ ብታድግ ዕቃ ሰባሪ ትሆናለች። ማንስ ያገባታል? ሰውስ ምን ይለናል?» አሉ።

እናታችን፣ «እኅቴ፣ እኔ ተገርዤ ያደግሁ ነኝ፤ የእናቴን እንስራ ግን ስንቱን ሰብሬአለሁ!» አሉና ሁለቱም ሳቁ። ከዚያ በኋላ ቀስ ብለው፣ «የተገረዝኩበትን ቀን አላስታውስም። የመጀመሪያ ልጄን ያማጥሁበትን ሦስት ቀን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። ልጁም አልተረፈልኝም። ለዚህች ሕፃን ይህ እንዳይደርስባት ነው የመጣነው» አሏቸው።

አያት ብዙ ዝም አሉ። በመጨረሻም፣ «እንግዲህ ዘመኑ የእናንተ ነው፤ እኔ እጄን አላስገባም» አሉ። ሙሉ በሙሉ አመኑ ልንል አንችልም። ስለዚህ በስምንተኛው ቀን የሴቶች ኅብረት ገንፎ ይዞ ሄደ፤ ስለ ሕፃኒቱ ተጸለየ፣ ተዘመረ፤ ቀኑ በደስታ አለፈ። አባትየውም፣ «ልጄ አትገረዝም» ብሎ በዘመዶቹ ፊት ተናገረ። ከዚያም በኋላ መጠየቃችንን አላቋረጥንም።

ከዚህ አራት ነገር ተምረናል። ከአረጋውያን ጋር አረጋዊት ትነጋገር። መጀመሪያ እንስማ፤ ቀጥለን እንናገር። ልማዱ የሚተወውን ቀን ባዶ አድርገን አንተወው። አባትም «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብሎ እንዳይሸሽ እንጥራው፤ የእርሱ ቃል ሚስቱን ከብዙ ጭንቀት ያድናታልና።

«በሐኪም እጅ፣ በንጹሕ መሣሪያ ቢደረግስ?» የሚሉም አሉ። ንጹሕ ምላጭ የተቆረጠውን አካል አይመልስም። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴርም እ.ኤ.አ. በ2017 በጤና ተቋማት ውስጥ እንዳይፈጸም ከልክሏል።

7. ምክር ሳይበቃ ሲቀር

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 35 በሴቶች ላይ የአካል ወይም የአእምሮ ጉዳት የሚያደርሱ ልማዶችን ይከለክላል። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 565 ሴትን የገረዘ ሰው ከሦስት ወር በማያንስ ቀላል እስራት ወይም ከ500 ብር በማያንስ መቀጮ እንዲቀጣ ይደነግጋል። በአንቀጽ 566 ብልትን መስፋት ከሦስት እስከ አምስት ዓመት፣ የአካል ወይም የጤና ጉዳት ከደረሰም ከአምስት እስከ አሥር ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በአንቀጽ 569 ተባባሪ የሆነ ወላጅም ሌላ ሰውም ይጠየቃል።

ሕጉን የምንጠቅሰው ለማስፈራራት አይደለም። እንዲያውም ለብዙ እናቶች መጠጊያ ይሆናቸዋል፤ «እኔ እፈልግ ነበር፤ መንግሥት ግን ይከለክላል» ብለው ለአማት መመለስ ይችላሉና። ነገር ግን ቀን ተቆርጦ፣ ገራዥ ተጠርታ ወይም ጉዞ ተወስኖ ሳለ ቤተ ሰቡ ምክር ካልሰማ፣ ምሥጢር እንጠብቃለን ብለን ልጅቱን አሳልፈን አንስጥ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ በዚያው ቀን ለወረዳው የሴቶችና ሕፃናት ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ ያሳውቅ። የተናገረችው ልጅ እንደ ነገረችን ቤተ ሰቡ እንዳያውቅ ስሟ ይጠበቅ። በመዝገባችንም ላይ ከእንግዲህ «ፈቃድ» ከሚለው አጠገብ፦ ወዴት? ከማን ጋር? የሚመለሱት መቼ ነው? ተብሎ ይጻፍ።

8. የከምባታ ምሳሌ

«የጥንት ልማድ እንዴት ይቀራል?» ለሚሉ የከምባታን ነገር እናስታውሳቸው። ወይዘሮ ቦጋለች ገብሬ ራሳቸው በልጅነታቸው የተገረዙ ነበሩ። ተምረው ከውጭ አገር ከተመለሱ በኋላ ከእኅታቸው ከፍቅርተ ጋር እ.ኤ.አ. በ1997 ኬ.ኤም.ጂ. የተባለውን የሴቶች ማኅበር መሠረቱ። ስለ ግርዛት ለመናገር ሲመጡ ሕዝቡ መጀመሪያ ያቀረበላቸው ሌላ ችግር ነበር፤ ልጆች ወደ ትምህርት ቤት የሚሻገሩበት ድልድይ። ድልድዩ ተሠራ፤ ሕዝቡም አመናቸው። ከዚያም ሽማግሌዎች፣ ሴቶችና ወጣቶች በየመንደሩ እየተቀመጡ ይነጋገሩ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ2002 ያልተገረዘች ሙሽራ በሕዝብ ፊት በግልጽ ተዳረች። «ማን ያገባታል?» የሚለው ፍርሃት በዚያ ሠርግ መልስ አገኘ። ወይዘሮ ቦጋለች እ.ኤ.አ. በ2019 አርፈዋል፤ ሥራቸው ግን ይናገራል።

በጉባኤያችን ያሉ ወጣት ወንዶች፣ «ያልተገረዘች ልጃገረድ ለማግባት ፈቃደኛ ነን» ብለው በግልጽ ቢናገሩ፣ ይህ አንድ ቃል የብዙ እናቶችን ልብ ያሳርፋል። ጥር 29 በዓለም ሁሉ ግርዛትን ለማስቀረት የሚታሰብበት ቀን ነው፤ ቀኑም የታወጀው በዚችው በአዲስ አበባ በ1995 ዓ.ም. በተደረገ ጉባኤ ነው። ለዚህ ትምህርት ያን ሰሞን መምረጥ ይቻላል።

ለውይይት የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. በጉባኤያችን በሚመጡት ሦስት ወራት የሚወልዱ እናቶች እነማን ናቸው? በሦስተኛው ቀን ማን ይጠይቃቸዋል?
2. በዚህ ክረምት ወደ አገር ቤት የሚሄዱ ልጃገረዶች አሉን? ከወላጆቻቸው ጋር ማን ይነጋገራል?
3. ከአረጋውያን እናቶቻችን ከአያቶች ጋር ለመነጋገር ጸጋ ያላት ማን ናት?
4. አባቶችና ወጣት ወንዶች ምን ቢናገሩ ይረዳል?

የጸሎት ርእስ

ስለ ተጎዱት ልጆችና እናቶች ፈውስ፤ በአማትና በልጅ መካከል ስለ ተጨነቁ ወጣት እናቶች፤ ኑሯቸው በዚህ ሥራ ስለ ሆነ ገራዦች፣ ልባቸው እንዲመለስና ሌላ መተዳደሪያ እንዲያገኙ፤ ስለ እኛም፣ እንዳናንቀላፋ።

ውድ ደጋፊዎቻችን፣ ያቺ ልጅ ዛሬም ከእኛ ጋር ናት። ታናሽ እኅት አላት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ባለፈው ሰኔ ታላቂቱ ራስዋ ወደ ቢሮአችን መጥታ፣ «እኅቴን አገር ቤት ሊወስዷት ነው፤ ኑና እናቴን አነጋግሩልኝ» አለችን። በዚያው ማታ ሄድን። እናትየዋም በዚህ ጊዜ ለእናቷ ስልክ ደውላ እምቢ አለች፤ እኛም አጠገቧ ተቀምጠን ነበር። ታናሺቱ ክረምቱን በአቃቂ አሳለፈች። ሣጥኑን የጠበቀችው እኅት እርሷ ናት፤ እኛ ሲጠሩን የደረስን ነን። በየጉባኤያችሁ እንዲህ የምትጠራችሁ ልጅ ወደ ማን እንደምትሄድ እንድታውቅ አድርጉ።

የጌታ ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን።